ዙም ኤች1ኤን፦ በእጃቸው ሠርተው የኖሩ አያትን ድምፅ ለማስቀረት ይበቃል?

ስለ ድምፅ መቅጃ የሚጻፈው ግምገማ አብዛኛው ለሙዚቀኛና ለጋዜጠኛ ነው። እዚህ መመዘኛው ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ፣ አናጺ፣ በያጅ፣ ልብስ ሰፊ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው የኖሩ አያት ስለ ሥራቸው ሲያወሩ፣ የሚሉት ከነአነጋገራቸው ይገባል ወይስ ግማሹ ይቀራል? እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪኩን አይጽፍም፣ ደብዳቤም አያጠራቅምም። ከእሳቸው የሚገኘው አንድ ሁለት ፎቶ፣ ጠርዙ የተበላ የሥራ መታወቂያና እጀታው የለሰለሰ መዶሻ ነው። ሌላው ሁሉ አንደበታቸው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ዕቃውን ከአጠያየቁ ነጥሎ መገምገም ብዙም አይጠቅምም፤ ሁለቱን አብረን እናያለን።

ዙም ኤች1ኤን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የቀድሞውን ኤች1 የተካ ትንሽ መቅጃ ነው። አናቱ ላይ በ90 ዲግሪ የተሻገሩ 2 ማይክሮፎኖች አሉት። በ2 ቀጫጭን ኤኤኤ ባትሪ ይሠራል፤ አምራቹ በአልካላይን ባትሪ እስከ 10 ሰዓት ይቀዳል ይላል። እስከ 32 ጊጋባይት የሚደርስ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል፣ በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) እስከ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ይቀዳል፣ ለፈለገም ጨምቆ የሚያሳንሰው ኤምፒ3 አለው። ለዚህ ሥራ ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ፊቱ ላይ ያለው መዞሪያ ነው። የሚገባውን ድምፅ ከ0 እስከ 10 በጣት ታዞራላችሁ፤ ሜኑ ውስጥ መግባት፣ ስክሪን መነካካት የለም። ሽማግሌው በጨዋታ መሐል ድምፃቸው ከፍ ሲል፣ ዓይናችሁን ከፊታቸው ሳትነቅሉ ትቀንሱታላችሁ። ቀዩን ቁልፍ አንዴ መጫን ደግሞ በቂ ነው፤ መብራቱ በራ ማለት መቅዳት ጀመረ ማለት ነው።

ስልክስ ምን ነውር አለው? ለአንድ ጊዜ ጨዋታ ምንም። ጥሩ ስልክ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ቅጂ ይሰጣል። ችግሩ አብዛኛው የስልክ መቅጃ የድምፁን ከፍታ በራሱ እየጨመረና እየቀነሰ፣ ጩኸት ነው ብሎ የገመተውንም እየቆረጠ መሥራቱ ነው። አያት ዝም ብለው ሲያስቡ የጓሮውን ጫጫታ ያጎላዋል፣ ቀስ ብለው የጨረሱትን ቃል ደግሞ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያደበዝዘዋል። ሌላው፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ሰው ሁሌ የሚደውልበት ዕቃ ነው፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ይቀራል። ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጋችሁ ክፍሉ ዳር እንደ መጠባበቂያ መቅጃ አስቀምጡት። ዋናው ካርድ ቢበላሽ ያ ቅጂ ነፍስ ያድናል።

ኤች1ኤንን ከካርቶኑ አውጥቶ ወዲያው መቅዳት ስሕተት ነው። መጀመሪያ ካርዱን እዚያው መሣሪያው ላይ ፎርማት አድርጉት። ሰዓትና ቀኑን አስተካክሉ፤ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ከወጣ ሊጠፋ ስለሚችል በየጊዜው ማየት ይጠይቃል። የባትሪውን ዓይነት በሜኑ ምረጡ። ዳግም የሚሞላ ባትሪ 1.2 ቮልት፣ አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ፣ ካልተነገረው የባትሪው ምልክት ይዋሻችኋል። ከዚያ ዌቭ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። ዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ማኅበር ለማስቀመጫ በዝቅተኛ ደረጃ የሚመክረውም ይኸው ነው። በስቴሪዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ባለ 32ቱ ካርድ ወደ 30 ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። 96 ኪሎኸርዝ ለንግግር ቦታ ማባከን ነው። ኤምፒ3ን ደግሞ ለዘመድ መላኪያ ተዉት፤ ከዌቭ ኤምፒ3 በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፣ ከኤምፒ3 ወደ ዌቭ መመለስ ግን የጠፋውን አያመጣም።

አውቶ ሌቭል የሚለውን ቁልፍ አጥፉት። ለምን ቢባል፣ በስልኩ ላይ የተማረርንበትን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሎው ከት በ80 ኸርዝ ይብራ፤ የፍሪጅና የመንገድ ጉምጉምታን ይቀንሳል፣ የወንድ ድምፅ ዋናው ክፍል ግን ከዚያ በላይ ስለሆነ አይነካም። ሊሚተር ይብራ፤ ድንገተኛ ሳቅና የጠረጴዛ ምት ይይዝላችኋል። ከዚያ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የዋሉበትን እንዲያወሩ አድርጋችሁ፣ ከፍ ሲሉ መለኪያው -12 ዴሲቤል አካባቢ እስኪደርስ መዞሪያውን አስተካክሉ። ለመሞከሪያ የሥራ ጥያቄ አትጠይቁ። የመጀመሪያው አነጋገር ብዙ ጊዜ ምርጡ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁ «ቅድም ነገርኳችሁ እኮ» ብለው ያሳጥሩታል።

አቀማመጥ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ከአፋቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፃቸው ጉልበት በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል፤ ሩቅ የተቀመጠ መቅጃ «ጉድጓድ ውስጥ ያለ» ድምፅ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ «ፍ» እና «ብ» ሲሉ ትንፋሻቸው በቀጥታ ማይክሮፎኑ ላይ እንዳያርፍ። የንፋስ መከላከያው ስፖንጅ ከመሣሪያው ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል፤ ዙም እዚህ ላይ ቆጥቧል፣ እናንተ ግን አትቆጥቡ።

የዕቃው ደካማ ጎን አካሉ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ በእጅ ሲያዝ ክርክርታው ሁሉ ይገባል፤ እጅ ላይ ይዞ መቅዳት ፈጽሞ አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ጠረጴዛውን ይሰማል። በእጃቸው የኖሩ ሰው ደግሞ ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም፣ ነጥቡን በጣታቸው እየመቱ ነው የሚያስረዱት። እያንዳንዷ ምት እንደ መዶሻ ትገባለች። ከሥሩ በአራት የታጠፈ ፎጣ አድርጉ፤ የተሻለው ግን ጀርባው ላይ ባለው የካሜራ ትሪፖድ ጥርስ በትንሽ እግር አቁሞ፣ እሳቸው ከማይነኩት ሌላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። እጃቸውን አትያዙ፣ «ጠረጴዛውን አይምቱ»ም አትበሉ። እጁ የታሰረ አናጺ አንደበቱም ይታሰራል።

ክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫውን ሁሉ ቀድማችሁ ለዩ፤ ማራገቢያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ፍሪጅ። ፍሪጁን ስታጠፉ የመኪና ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ፣ ሳታበሩት እንዳትሄዱ። የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ አንድ ደቂቃ ባዶውን ክፍል ስሙ፤ ጆሮ የለመደውን ጩኸት ማይክሮፎን አይለምደውም።

ጆሮ ካልን የእሳቸውም ጆሮ አለ። ብዙ ዓመት በማሽን፣ በመጋዝ፣ በመዶሻ ጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ያለውን፣ በተለይ 4,000 አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» የሚለዩት በዚያ ከፍታ አካባቢ ነውና፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ ቃሉን ግን ያጡታል። መጮኽ አይረዳም። የሚረዳው ፊታችሁ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ከንፈራችሁ እየታየ፣ በወፍራሙ ድምፃችሁ፣ ቀስ ብሎ መናገር ነው። የትኛው ጆሯቸው ይሻላል? በዚያ ጎን ተቀመጡ። ያልሰሙትን ጥያቄ «አዎ» ብለው ያልፉታል፤ ቅጂው ላይ ሲሰማ ግን የመለሱ ይመስላል። ያ «አዎ» በኋላ የቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ይጻፋል።

ወደ ጥያቄው እንምጣ። ገበያ ላይ «የአያቴ ትዝታ» ዓይነት ባዶ ቦታ የሚሞላበት ደብተር ሞልቷል። ለዚህ ሰው አይሆንም። «የሕይወትዎ ትልቁ ስኬት ምንድን ነው?» ሲባሉ «ምን ስኬት አለ፣ ስሠራ ኖርኩ» ይላሉ፤ በሩ ይዘጋል። ትዕቢት ወይም ኩርፊያ አይደለም፣ ጥያቄው የተሠራው ሥራውን እንደ ማዕረግ መሰላል ለሚቆጥር ሰው ነው። የቀን ሠራተኛ ሕይወቱን የሚያውቀው በሥራው ቅደም ተከተል ነው። በዚያ ግቡ። ጠዋት ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያነሡት ዕቃ ምን ነበር? መሣሪያው የራስዎ ነበር ወይስ የአሠሪው? ረዳት ሆነው ሲገቡ ምን ምን እንዳይነኩ ተከለከሉ? ክፍያው በቀን ነበር፣ በወር ወይስ በቁርጥ? የደመወዝ ዕለት የት ነበር የምትሰለፉት፣ ማን ነበር የሚቆጥረው? ፎርማኑ ሲቆጣ ምን ብሎ ነበር የሚጠራችሁ? ከእነዚህ አንዷ ብቻ ሃያ ደቂቃ ትወስዳለች፤ ሰዉ፣ ሰፈሩ፣ ጠቡ፣ ሠርጉ ሁሉ በእሷ ውስጥ ይመጣል።

ድምፅ ብቻ የሚቀዳ ዕቃ የማይሠራው አንድ ሥራ አለ፣ እሱን የሚሸፍነው ጠያቂው ነው። ግንበኛው ቱንቢ (የግንብን ቀጥታነት የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) እንዴት እንደሚጣል ሲያስረዱ እንዲህ ይላሉ እንበል፦

«ቱንቢውን እንዲህ ትለቀውና፣ ዝም እስኪል ጠብቀህ፣ እዚህ ጋ ታየዋለህ፤ ከዚያ እዚህ ጋ።»

ፊታቸው ለተቀመጠ ሰው የጠራ ነው። ለመቅጃው ግን «እንዲህ» እና «እዚህ ጋ» ባዶ ናቸው። የእጁ ሥራ በሙሉ ጠፍቷል። ያኔ ቶሎ ብሎ ያየውን በቃል መመለስ ነው፦

«አባባ፣ ገመዱን ከግንቡ ሁለት ጣት አራቁት፤ እንዲያ ነው?»

«ሁለት አይደለም፣ አንድ። ላይ አንድ ጣት ከሆነ ታችም አንድ ጣት። ታች ከጠበበ ግንቡ ወደ ኋላ ሸሽቷል።»

ሆነ ብሎ ትንሽ የተሳሳተ መጠን መናገር እንዴት እንደሚሠራ እዚህ ይታያል። ባለሙያ ስሕተት ሰምቶ ዝም አይልም። «ሁለት» የምትለዋ ባትኖር «አንድ»ም «ሸሽቷል»ም ባልተገኙ። ግን አታብዙት፤ በአንድ ቅጂ ሁለት ሦስቴ ካለፈ ሽማግሌው እየተፈተኑ እንደሆነ ይገባቸዋል።

መሣሪያውን እጃቸው ላይ አድርጉላቸው። መላጊያው፣ መሮው፣ ስኳድራው፣ ፒንሳው፣ መቀሱ፣ የትኛውም ቢሆን፤ የራሳቸው ከጠፋ ተመሳሳይ ተዋሱ። እጅ የለመደው ሥራ የሚቀመጠው ቀንና ስም ከሚቀመጥበት በተለየ የአንጎል መንገድ ነው፤ በአልዛይመር የመርሳት ችግር የጀመራቸው ሰዎች እንኳ የትናንቱ ጠፍቶባቸው የእጃቸው ልምድ ብዙ ጊዜ ይቆያል። መላጊያውን የያዙ አናጺ ምላጩን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው «ይህን ማን ነው የሳለው?» ካሉ፣ የዚያን ቀን ቅጂ ከእናንተ ምንም አይፈልግም።

የሥራውንም ድምፅ ለብቻው ቅዱ፤ እንጨት ሲላግ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ፔዳል ሲረገጥ፣ ሲሚንቶና አሸዋ በአካፋ ሲለወስ። እዚህ ላይ የኤች1ኤን ወሰን ይታወቃል። ማይክሮፎኖቹ እስከ 120 ዴሲቤል ነው የሚችሉት። ብረት በመዶሻ ሲመታ በቅርብ ይህን ሊያልፍ ይችላል። ማይክሮፎኑ ራሱ ከተጨናነቀ ሊሚተር ምንም አያድንም፤ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይገባል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራቁ፣ መዞሪያውን ከንግግሩ ከግማሽ በታች አውርዱት፣ ጥቂት አስመትታችሁ አድምጡ፣ ከዚያ ቅዱ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አያት ካረፉስ? ዕቃው አሁንም ሥራ አለው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው አሉ። እንዲያውም ሁለት የቀድሞ ባልደረቦች አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ የዘለለውን ሌላው ይይዛል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ሌላ ማንም የማያውቀውን ያውቃሉ፣ ልብሱ ምን ምን ይሸት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ ሥራ የጠፋ ጊዜ ቤቱ በምን እንደቆመ። ለሁለት ሰው ግን አቀማመጡ ይለወጣል። ማይክሮፎኖቹ የሚሰሙት በፊታቸው ያለውን ነው፤ መቅጃውን መሐል አስተኝታችሁ ሰዎቹን ፊት ለፊት ካስቀመጣችሁ አንደኛው ከኋላ ይቀራል፣ ድምፁም ይርቃል። ወይ ሁለቱም በአንድ ጎን በማዕዘን ይቀመጡ፣ ወይ መቅጃውን ወደ ጣሪያው አቁሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ያንሳል ግን ሁለቱንም እኩል ይይዛል። መሣሪያዎቻቸውንም ለባልደረቦቹ አሳዩ። የመዶሻ እጀታ የተበላበት ጎን ግራኝ እንደነበሩ ለሚያውቅ ዓይን ይነግራል።

አንድ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይሁን። ከዚያ በላይ ድምፃቸው ይደክማል፣ መልሳቸውም ያጥራል። ስለ ጉዳት፣ ስለ አሠሪ፣ ስለ ባልደረባ ሌብነት የተነገረ ነገር ካለ፣ ካበቃ በኋላ «ይህ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ?» ብላችሁ እዚያው ጠይቁ፤ መልሱም በድምፅ ይቀዳ።

በዚያው ቀን ማታ ካርዱን ገልብጡ። የተለመደው ሕግ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ ነው። ካርዱን ሁለቱ ቅጂዎች ተከፍተው ከተሰሙ በኋላ እንጂ በፊት አታጽዱት። የፋይሉን ስም ቀኑን፣ ማን እንደሆኑና ስለ ምን እንደሆነ አድርጉ፤ መሣሪያው ራሱ በሰጠው ቁጥር ከተተወ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን የቱን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ከባዱ ክፍል ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር እጁ ለለመደ ሰው እንኳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ኤች1ኤን የሚሰማውን ፍጥነት እስከ ግማሽ ማውረድ ስለሚችል እዚህም ይረዳል። ጽሑፉ አለቀ ብሎ ድምፁን መጣል ግን የጥንት ስሕተት ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር አላን ኔቪንስ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቃል ታሪክ ማሰባሰብ ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንግግሩ ከተጻፈ በኋላ ቴፑ ተጠፍቶ ለሌላ ሰው ይውል ነበር። ያኔ የሚቀዱትም በአብዛኛው ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ነበሩ፤ የላብ አደሩ ተራ የመጣው ዘግይቶ ነው። የሚኒስትር ንግግር በወረቀት ብዙ አይጎድልበትም ይሆናል። የበያጅ ግን ግማሹ አባባሉ ላይ ነው።

አሁን ለሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤች1 ኤሴንሻል አይሻልም ወይ? በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀዳ የድምፅ መጠን ማስተካከል የሚባል ነገር የለውም፤ ዝቅ ያለውን በኋላ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ታደርጋላችሁ። የማይክሮፎኑ ወሰን ግን ያው ወሰን ነው፣ እዚያ ላይ የተሰነጠቀውን እሱም አይጠግንም። ደረጃ መለካት ለሚያስጨንቀው፣ ወይም ብቻውን ጠያቂም ቀጂም ለሆነ ሰው እሱን እንመክራለን። በዩኤስቢ ሲ መሥራቱም አንድ ነገር ነው፤ የኤች1ኤን ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ከቤት እየጠፋ ነው። ኤች1ኤን እጅ ላይ ያለው ግን የሚቀይርበት ምክንያት የለም። ፎጣና ስፖንጅ ይጨምርበት፣ ይቀጥል።

ስትገለብጡ ቃላቸውን አታርሙ። ካቻቢቴ ካሉ ካቻቢቴ ተብሎ ይጻፍ፣ «ብሎን መፍቻ» አይባል። የማታውቁት የዕቃ ስም ሲያጋጥም ግምት አትጻፉ፤ ደቂቃና ሰከንዱን አስፍራችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዕቃውን ራሱን አምጥተው እንዲያሳዩ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሡት፣ ከፋይሉ ጋር በአንድ ስም አስቀምጡት።